ወጨፎ፣ ዥብ፣ ጠሎት፦ መንዝ ላደገችው እህቴ

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። ጠያቂዋ ያደገችው መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ፣ አያቷ ዘንድ ነው። አሁን አዲስ አበባ ትሠራለች። ባለፈው ክረምት ቢሮ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ዝናብ ሲገባ «ኧረ ዝጉት፣ ወጨፎው ወረቀቱን አራሰው» አለች። ማንም አልገባውም። ከዚያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልደረቦቿ አፏን ይጠብቃሉ፤ «ተቤት መጣሁ» ስትል፣ «ዥብ» ስትል፣ «ጠሎት» ስትል ይደግሙባታል። አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይን «አንቱ» ብላ በአክብሮት ስታናግርም ተሳቀባት። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አማርኛ የምናገር መስሎኝ ነበር። ለካ የመንዝ አማርኛ ኖሯል። የተበላሸ ነው የተማርኩት? የስድስት ዓመት ልጄስ ከእኔ እየሰማች ነው፤ ላርማት ወይ?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምልሽ። የተበላሸ አማርኛ አልተማርሽም። ሕግ ያለው፣ ዕድሜ ያለው አማርኛ ነው የተማርሽው። ግን ይህን ብቻ ብዬ ብተውሽ ማባበል ይመስላል። ስለዚህ ቃሎችሽን አንድ በአንድ እንያቸው። እኔም እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ ተጉለት የተወለድኩ ነኝ። ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምርና ገጠር እየወረድኩ የሰው አነጋገር ስቀዳ ነው የኖርኩት። ደብዳቤሽን ሳነብ የራሴ የ14 ዓመት ፊት ታየኝ፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ከወጨፎ እንጀምር። ወጨፎ ነፋስ እየገፋ በበር በመስኮት የሚያስገባው ዝናብ ነው። ካፊያ ሌላ ነው፣ ዶፍ ሌላ ነው፣ ውሽንፍርም ሌላ ነው። ካፊያና ዶፍ የዝናቡን መጠን ይነግሩሻል። ውሽንፍር የነፋሱንና የዝናቡን ትግል ይነግርሻል። ወጨፎ ግን የሚነግርሽ ዝናቡ ቤትሽ መግባቱን ነው። አንድ ቃል ውስጥ ዝናብ አለ፣ ነፋስ አለ፣ የተከፈተ በር አለ። ባልደረቦችሽ ይህን ለማለት «ነፋሱ ዝናቡን ወደ ውስጥ እያስገባው ነው» ማለት አለባቸው። አንቺ በአንድ ቃል ጨረስሽው።

ደግሞ ቃሉ የመንዝ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ያውቁታል። ወጣቶቹ ያጡት ወጨፎ የሚያሰጋ ቤት ውስጥ ስላላደጉ ነው። መስታወት ባለው መስኮት ውስጥ ያደገ ልጅ ቃሉን ምን ያደርግለታል? አንቺ ግን የመንዝን ነፋስ ታውቂዋለሽ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ፣ በሩ በነፋሱ በኩል ከሆነ ወጨፎ እሳቱን ያጠፋል፣ የተሰጣውን እህል ያረጥባል፣ የተኛውን ልጅ ይቀሰቅሳል። ለእንዲህ ያለ ነገር ስም አለመስጠት አይቻልም።

ይኼን በደንብ ያዢው፣ ምክንያቱም ከላክሽልኝ ዝርዝር ግማሹ እንደዚሁ ነው። ጎታ ብለሻል። ጀንዲ ብለሻል። አመዳይ፣ ቅራሪ፣ ባና፣ እንጎቻ ብለሻል። እነዚህን «የመንዝ ቃላት» ብለሽ ነው የጻፍሽው፤ አይደሉም። ጎታ ቤት ውስጥ የሚቆም፣ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው፤ እህል በኩንታል ገዝቶ የሚኖር ሰው አያውቀውም እንጂ ገበሬ ባለበት አገር ሁሉ ይታወቃል። ጀንዲ የሚተኙበት የከብት ቆዳ ነው፤ ፍራሽ ሲመጣ ሄደ። አመዳይ ሌሊት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድረው ውርጭ ነው፤ ጉና ተራራ ሥር ለሚኖር ገበሬ አመዳይ ብትዪው ባቄላው ነው ትዝ የሚለው። ቅራሪ ከመጀመሪያው ጠላ በኋላ ውኃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቀጭኑ ጠላ ነው። ባና የበግ ጠጉር ልብስ ነው፤ መንዝ በዚህ ስሙ ቢገንንም ቃሉ ከመንዝ ውጭም ይታወቃል። እንጎቻ ደግሞ ከምጣዱ ለልጅ ተብላ የምትጋገረው ትንሿ እንጀራ ናት፤ የሊጡ መጨረሻ፣ የልጅነት ድርሻ። ይኼን ቃል ሰምቶ የሚስቅ ሰው እንጎቻ ያልተጋገረለት ነው፤ አዝንለታለሁ።

ስለዚህ «ዘዬ» የምንለውን ነገር ከዚህ መለየት አለብን። ዘዬ፣ አንዳንዶች ቀበልኛ ይሉታል፣ አንድ ቋንቋ በየአካባቢው የሚይዘው መልክ ነው። ዕቃው እዚህም እዚያም እያለ ስሙ ሲለያይ፣ ወይም ቃሉ አንድ ሆኖ ድምፁ ሲለያይ ዘዬ እንላለን። ለምሳሌ አንቺና እኔ በቆሎ የምንለውን ጎጃምና ጎንደር ውስጥ የባሕር ማሽላ የሚሉ ሽማግሌዎች ታገኛለሽ። እህሉ ያው ነው፤ ስሙ ተለየ። ያ ዘዬ ነው። ጎታ ግን የዘዬ ነገር አይደለም፣ የኑሮ ነገር ነው። ከተሜው ቃሉን ያጣው ዕቃውን ስላጣ ነው። ሁለቱን ስናደባልቅ ገበሬው የሚያውቀው ሁሉ «የገጠር አማርኛ» ይባልና የአማርኛ ግማሽ ሀብት ከመዝገብ ይፋቃል። ይኼ ያናድደኛል።

አሁን ወደ እውነተኞቹ የዘዬ ምልክቶችሽ እንግባ። ብዙዎቹ ድምፅ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሳቁብሽ እዚህ ላይ ነው፣ መልስ ያለሽም እዚህ ላይ ነው።

«ጠሎት» ትያለሽ። ጦም፣ ጠሐይ፣ ጠጉር ትያለሽ። እነሱ ጸሎት፣ ጾም፣ ፀሐይ፣ ፀጉር ይላሉ። የፊደሉን መልክ አይቶ የሚፈርድ ሰው አንቺ የተሳሳትሽ ይመስለዋል። ታሪኩን እይው። ግእዝ ጸ ያለበትን ቃል አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ወደ ጠ ሲመልስ ኖሯል። ግእዙ ጸብሐ፣ አማርኛው ጠባ። ግእዙ ጸቢብ፣ አማርኛው ጠባብ። ግእዙ ጸልአ፣ አማርኛው ጠላ፣ የጥላቻው። ግእዙ ጸንዐ፣ አማርኛው ጠና። ይኼ የአማርኛ የራሱ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ከቤተ ክርስቲያንና ከመጽሐፍ የመጡ ቃላት ጸ-አቸውን እንደ ያዙ ተመልሰው ገቡ፤ ጸጋ፣ ጽድቅ፣ ጸሎት። ጎጃምና ጎንደር ጸ-ውን ጠበቅ አድርገው ያዙት። ሸዋ ደግሞ እነዚህንም በአሮጌው መንገድ ወሰዳቸውና ጠሎት፣ ጦም አለ።

ለባልደረቦችሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ። አዲስ ዓመት ሲመጣ «መስከረም ጠባ» ነው የሚሉት ወይስ «መስከረም ጸባ»? ሁሉም ጠባ ይላሉ። ራት ሳይበላ ያደረ ሰው «ጦሙን አደረ» ነው የሚባለው። ያልታረሰ መሬት «ጦም ያደረ መሬት» ነው፤ ጋዜጣም እንዲሁ ይጽፈዋል። እንግዲህ አያትሽ ጦም ሲሉ ከዚህ በምን ተለዩ? ከተሜው ግማሹን ቃል በጠ፣ ግማሹን በጸ ይላል፤ ያም የራሱ ዘዬ ነው፣ ነውርም የለበትም። አያትሽ ግን አንድ ሕግ ይዘው እስከ መጨረሻው ሄደዋል።

«ዥብ» ላይ ደግሞ ፊደላችን ራሱ ይመሰክርልሻል። ግእዝ የሌሉት፣ አማርኛ የጨመራቸው ፊደሎች አሉ፦ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ። መልካቸውን ልብ ብለሽ እይ። ሸ ሰ ላይ ምልክት ተጨምሮ ነው። ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ጀ ከደ፣ ጨ ከጠ፣ ዠ ከዘ፣ ኸ ከከ። ያ የጨመረ ሰው ማን እንደሆነ ስሙን ባናውቅም ጆሮው ድንቅ ነበር፤ የትኛው ድምፅ ከየትኛው እንደወጣ ሰምቶ በፊደል አሳየን። ዛሬም ለሴት ስናዝዝ ይኸው ይሆናል፦ ልበስ ልበሺ፣ ክፈት ክፈቺ፣ ለምን ለምኚ፣ ሂድ ሂጂ፣ ስጥ ስጪ፣ ያዝ ያዢ።

ያዢ ላይ ያለውን ድምፅ ሰማሽው? ዠ ነው። ባልደረቦችሽ ቀኑን ሙሉ ይሉታል። እንግዲህ ዠ አፋቸው ውስጥ አለ፤ የተለየው ቃሉ ላይ ነው። ሸዋ ውስጥ ብዙ ቦታ ዥብ፣ ዥራት፣ ዦሮ፣ ዠርባ፣ ዠመረ፣ እንዠራ ይባላል። ከተማው ጅብ፣ ጅራት፣ ጆሮ፣ ጀርባ፣ ጀመረ፣ እንጀራ አለ። የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎችን ብታገላብጪ ዠመረና ዠግና ተብሎ ተጽፎ ታገኛለሽ፤ የጻፉትም የተማሩ ሰዎች ናቸው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የወጣውን ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን ሲያዘጋጁ የሸዋ ሰው ነበሩና የባላገሩን ቃል ከሊቃውንቱ ቃል እኩል አክብረው ነው ያስገቡት። ያን መጽሐፍ ካገኘሽ ዠ የሚለውን ክፍል ክፈቺ። አያትሽን እዚያ ታገኛቸዋለሽ።

ኸ ደግሞ የኔ የልብ ፊደል ነው። «ኹሉም መጣ»፣ «እንዲህ ኾነ»፣ «ኸዚያ ወዲያ» ትያለሽ፤ ጉሮሮሽን ትንሽ ነካ አድርጎ የሚወጣ ድምፅ። ግእዙ ኵሉ ነበር፣ ኹሉ ሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ሆነ። ግእዙ ኮነ ነበር፣ ኾነ ሆነ፣ ከዚያ ሆነ ተባለ። ከክ ወደ ህ ሲኬድ መንገዱ ላይ ያለችው ድልድይ ኸ ናት። ከተማው ድልድዩን ተሻግሮ ጨረሰ፤ ዛሬ ኸ-ን ከሀ ለይቶ የሚያነብ ከተሜ ጥቂት ነው። አያትሽ ግን ድልድዩ ላይ ናቸው። ፊደሉ የተቀረጸው ለእርሳቸው ጉሮሮ ነው ማለት እችላለሁ። ከተሜውስ ለምን «ሄድክ» ብሎ «መጣህ» እንደሚል አስቦት ያውቃል? አንዱ ጋ ክ፣ አንዱ ጋ ህ። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚያገናኛቸው «መጣኽ» የሚለው የናንተ ድምፅ ነው። ይኼን ክፍል ውስጥ ሳስረዳ ተማሪዎች ዝም ይላሉ፣ ከዚያ አንዱ ከኋላ «አያቴ እንደሱ ነው የምትለው» ይላል። ያን ጊዜ ደስ ይለኛል።

«ተቤት መጣሁ» የሚለው ብዙ ሰው የሚስቅበት ስለሆነ እሱንም ልንካው። ከ የሚለው መስተዋድድ ሸዋና ወሎ ውስጥ በብዙ ሰው አፍ ተ ይሆናል። ተቤት፣ ተዚያ፣ ተነገ ወዲያ። እስከ የሚለውም አብሮ እስተ ይሆናል፤ እስተ ማታ፣ እስታሁን። አሁን ልብ በዪ። አንቺ ከብትን ተብት ብለሽ ታውቂያለሽ? ከተማን ተተማ፣ ከፈለን ተፈለ ብለሽ ታውቂያለሽ? በፍጹም። ማንም አላስተማረሽም፣ ግን መስተዋድዱ ከ ብቻ እንደሚለወጥ፣ በቃሉ አካል ውስጥ ያለው ከ እንደማይነካ ታውቂያለሽ። በአምስት ዓመትሽም ታውቂው ነበር። የተበላሸ ነገር እንዲህ አይደለም። የተበላሸ ነገር የትም ይሰበራል፤ ይኼ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚለወጠው። ቋንቋ የምናጠና ሰዎች ሕግ የምንለው ይኼን ነው።

«አንቱ» ላይ ስለሳቁት ትንሽ ከፍቶኛል። እርስዎ የከተማውና የመጽሐፉ ቋንቋ ነው፤ ጥሩ ነው። አንቱ ደግሞ የቆየው የአክብሮት ቃል ነው። እነሱ ራሳቸው ጎበዝ ባለሙያ ሲያወድሱ «አንቱ የተባለ ሐኪም» ይላሉ። ስለሚያከብሩት ሰው «አንቱ ነው የምለው» ይላሉ። ክብሩ በቃሉ ውስጥ እንዳለ አፋቸው ያውቃል። ሽማግሌው ባለጉዳይ የተሰማቸውም ያ ክብር ነው፤ እርግጠኛ ነኝ የሳቁት እርሳቸው አልነበሩም። «አያ»ም እንደዚሁ ነው። ታላቅ ወንድምን፣ የሰፈር ትልቅ ሰውን አያ እገሌ ማለት ለከተሜ ልጅ እንግዳ ይሆንበታል፤ ግን ማታ ማታ አያ ጅቦ የሚል ተረት እየሰማ ነው ያደገው። ቃሉ ተረት ውስጥ ተደብቆ ቀረለት።

እንግዲህ የማን አማርኛ ነው ዋናው? ዘዬ ያጠኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ አምስት ይቆጥራሉ፦ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ መንዝና አዲስ አበባ። አዲስ አበባን አየሽ? እሷም አንዷ ናት። ከላይ ተቀምጣ የምትፈርድ አይደለችም፣ ከአምስቱ አንዷ ናት። ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ካቻቢቴ የሚሉት የጣልያን ቃላት፣ አሪፍ፣ ፋራ፣ ጀለስ የሚሉት ሁሉ የከተማው ቀለም ናቸው። ከተሜ ሰው ስለለመደው ዘዬ መሆኑ አይታየውም እንጂ።

ደግሞ የአዲስ አበባ አማርኛ ከየት መጣ? ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። ቤተ መንግሥቱ አንኮበር ነበር፣ ከዚያ እንጦጦ ወጣ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። አብሯቸው የወረደው መኳንንት፣ ወታደር፣ ካህን፣ የጓዳ ሰው፣ ብዙው ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋ፣ ከይፋት ነው። ተዚያና ጠሎት እያለ ነው የሰፈረው። ቀጥሎ ከየአገሩ ሰው መጣ፤ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ጎጃሜው፣ ወሎዬው። አነጋገሩ ተቀላቀለ፣ ሸካራው ለሰለሰ። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራ ሲጀምር፣ ጋዜጣው ሲታተም፣ ትምህርት ቤቱ ሲስፋፋ፣ ሬዲዮው ሲመጣ፣ የከተማው አነጋገር በወረቀትና በድምፅ አገሩን ዞረ። መለኪያ የሆነው በዚህ ነው። ከሌላው ስለሚያምር ወይም ስለሚጠራ አልሆነም፤ ማተሚያው እዚያ ስለነበረ ነው። እንግዲህ የሚስቁብሽ ሰዎች አማርኛ ያንቺው አያት አማርኛ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ስለ ራሴ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በ14 ዓመቴ ለትምህርት አዲስ አበባ መጣሁ። አንድ ቀን ተነሥቼ እንዳነብ ታዘዝኩ። መጽሐፉ ላይ ጀመረ የሚለውን ዠመረ ብዬ አነበብኩ። መምህሩ ደግመው አሉኝ። ደገምኩ። ደግመው አሉኝ። ሦስተኛው ላይ ክፍሉ ሁሉ እየሳቀ ነበር፤ እኔ ደግሞ የተሳሳትኩት ምን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም፣ ምክንያቱም ለኔ ጆሮ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም። ይኼ ግን አይደለም የሚቆጨኝ። ክረምት ላይ አገር ቤት ስገባ እናቴ «ዥቡ በጉን ወሰደው» ብላ ስትነግረኝ «ዥብ አይባልም፣ ጅብ ነው የሚባለው» ብዬ አረምኳት። በሰው ፊት። እናቴ ምንም አላለችም። ያን ክረምት ግን እኔ ባለሁበት ቃሏን እየመረጠች፣ እየቆጠበች ነው ያወራችው። እንደ እንግዳ። እናቴ ካረፈች ቆየች፤ ያ ዝምታዋ ግን እስከ ዛሬ አለ። ይኼን ሥራ የያዝኩት በእሱ ምክንያት ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

ስለዚህ ልጅሽን በተመለከተ የምመልስልሽ እንደ ባለሙያም እንደዚያ ልጅም ነው። አታሸማቅቂያት። የስድስት ዓመት ልጅ ሁለት አነጋገር መያዝ አያቅታትም፤ ልጆች ከኛ ይበልጣሉ በዚህ። «አያቴ ቤት ዥብ ይባላል፣ ትምህርት ቤት ስንጽፍ ጅብ እንላለን» በያት፤ በቃ። ጽሕፈት አንድ ዓይነት መሆኑ ይጠቅማል፣ አገር ሁሉ እንዲያነበው ነው። ፈተና ላይ ፀሐይ ብላ ትጻፍ። አያቷ ጋ ስትደውል ጠሐይ ብትል ግን ማንም አያቋርጣት። ሳታፍር የተማረችው ልጅ የትኛው የት እንደሚገባ በራሷ ትለያለች። ያፈረችው ናት የምትደናገረው፤ ሁሉንም መሸሽ ትጀምራለችና።

አንቺም ቢሮ ውስጥ እንደፈለግሽ ሁኚ። ብዙ ሰው ስልክ ላይ አንድ ዓይነት፣ ቤቱ ሌላ ዓይነት ይናገራል፤ ውሸት አይደለም። ተቤት ማለት ትተሽ ከቤት ብትዪ ማንነትሽን አልካድሽም። ባትተዪም አላጠፋሽም። የምጠላው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላው ስለሳቀ ብቻ መተው።

ግን በተቃራኒው በኩል ያለውንም ልንገርሽ፤ አንዳንድ የኛ አገር ሰዎች ይኼን ሁሉ ሲሰሙ «ንጹሕ አማርኛ የኛ ነው» ይላሉ። አልስማማም። ንጹሕ የሚባል አማርኛ የለም። ሰሜን ሸዋ ራሱ አንድ አይደለም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ብርዱ ብቻ አይደለም የሚቀየረው፤ የይፋት ቆላ ልጅ ጥንቅሽ እየመጠጠ ሲያድግ አንቺ ስሙንም ላትሰሚው ትችያለሽ። እዚያ አርጎባዎች አሉ፤ አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ቃል ሲዋዋሱ ኖረዋል። ኦሮምኛ በብዙ በኩል ጎረቤታችን ነው፤ ጭኮና ጨጨብሳ ከእሱ ነው ያገኘናቸው። ጀማና ወንጪት የሚባሉት ወንዞች የቆረጧቸው ገደሎች ደግሞ አሉ፤ ማዶ ለማዶ እየተያዩ ግማሽ ቀን የሚያስኬዱ። መርሐቤቴና መንዝ፣ ምንጃርና ቡልጋ እንደየመልክዓ ምድሩ ይለያያሉ። መንዝ ውስጥም ማማ፣ ላሎና ጌራ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው ይባላል፤ አያትሽን ጠይቂያቸው፣ «የላሎ ሰው እንዲህ ነው የሚለው» ብለው እየሳቁ ያስመስሉልሻል።

እሱን ሲያስመስሉ ቅጂያቸው። ቁም ነገሬ ይኼ ነው። ስልክሽ ይበቃል። ግን «የድሮ ቃል ንገሩኝ» አትበያቸው፤ እንዲህ ሲባል ሰው ሁሉ ባዶ ይሆናል። ሥራ ጠይቂያቸው። ጠላ እንዴት ይጠነሰሳል? ጎታ እንዴት ይለሰናል? በግ ተሸልቶ ባና እስኪሆን ምን ምን ያልፋል? በበልግ ዝናብ ሲቀር ምን ታደርጉ ነበር? እጃቸው ሲንቀሳቀስ ቃሉ ራሱ ይመጣል። አንዱን ለመናገር ሌላ አምስት ያወጣሉ። ከዚያ ስትጽፊ እንደሰማሽው ጻፊ። ኸ ካሉ ኸ፣ ዠ ካሉ ዠ። አታርሚ። ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተናገሩበትን ዐረፍተ ነገር ሙሉውን፣ የየትኛው ቀበሌ ሰው እንደሆኑ፣ ቀኑን። ዐረፍተ ነገር የሌለው ቃል ቆይቶ ትርጉሙ ይጠፋል፤ ስንት ማስታወሻ ደብተር በዚህ ምክንያት ከንቱ ሲሆን አይቻለሁ፣ የራሴም ጭምር።

ለመጀመር እንዲሆንሽ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አያትሽ «ወጨፎ ገባብን» ብቻ ነው የሚሉት ወይስ እንደ ግስም አድርገው «ዝናቡ ወጨፈብን» ይላሉ? በተጉለት በኩል እናቴ ሁለቱንም ስትል ትዝ ይለኛል፤ ግን ትዝታ ነው፣ ቅጂ የለኝም። መንዝ ላይ ምን እንደሚባል ከርሳቸው አፍ ሰምተሽ፣ ቦታውን ጨምረሽ ጻፊልኝ።